ሕዝብ ያድጋል ወይስ ይበዛል?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «ከ1000 እስከ 1300 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ሕዝብ በጣም በዛ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ «በዛ የመንደር አነጋገር ነው፤ የሕዝብ ቁጥር ዕድገት አሳየ በል» አለኝ። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ ፈረንሳዮች በዚያ ዘመን በምድጃ ይቆጠሩ ነበር የሚለውን በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል። «በዛ» የመንደር ከሆነ ኦሪት ዘፍጥረትም የመንደር ነው፤ ግእዙ «ብዝኁ ወተባዝኁ ወምልእዋ ለምድር»፣ አማርኛውም «ብዙ፥ ተባዙ፥ ምድርንም ሙሉአት» ይላል እንጂ «እደጉ» አይልም። «ብዛት ሁኔታን እንጂ ሂደትን አይገልጽምና ዕድገት ያስፈልገናል» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። «መብዛት» የሚባል አርእስት (ድርጊቱን የሚጠራ የግሥ ስም) እያለን ምን ጎደለብን?

የሚያድገው አንድ አካል ነው፤ ልጅ ያድጋል፣ ጥጃ ያድጋል። ግእዝ ለዚህ «ልህቀ» ይላል። «ሊቅ» የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ቀድሞ ትርጉሙ ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነበር፤ ዕውቀቱ የመጣው ከዕድሜ ጋር ነው። (ዛሬ ሳይሸመግሉ ሊቅ የሚባሉ መብዛታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።) «ዕድገት» ደግሞ አሁን አሁን ምስጋና ተሸክሟል፤ የሥራ ዕድገት ያገኘን ሰው እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን።

እንግዲህ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን ይመልከቱ። በ1000 አካባቢ 40 ሚሊዮን ገደማ የሚገመተው ሕዝብ በ1300 ከ70 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የሰሜኑን ከባድ መሬት የሚገለብጥ ማረሻ መጣ፤ ማሳን ለሦስት ከፍሎ እያፈራረቁ መዝራት ተስፋፋ፤ ጫካ ተመነጠረ፤ ረግረግ ተጠነፈፈ፤ አየሩም ሞቅ ብሎ ነበር። ግን በ1300 ገደማ የገበሬው ድርሻ በውርስ ተቆራርሶ አንሷል፤ ሰው ጭንጫ መሬት እስከ ማረስ ደርሷል። ከ1315 እስከ 1317 ዝናብ አላቋርጥ ብሎ አዝመራው ሲበላሽ ታላቁ ረኃብ ገባ። ይህን ዕድገት ልበለው? በ1347 የጀመረው ወረርሽኝ ከሦስት ሰው ቢያንስ አንዱን ከገደለ በኋላ ደግሞ የተረፈው ሠራተኛ ደመወዙ ከፍ አለ፤ ሕዝቡ ሲያንስ ኑሮው አደገ ማለት ነው። ባልደረባዎ እዚህ ላይ የትኛውን «ዕድገት» ይሉት ይሆን?

«ቁጥር»ም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይገባም። ማን ቆጠረ? በ1086 የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም ባሠራው የዱምስዴይ መዝገብ በአብዛኛው የሰፈረው አባወራው ነው፤ ሚስትና ልጆች የሉበትም። የታሪክ ሰዎች በአራት ተኩል ወይም በአምስት አባዝተው ነው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት። እሱ ግምት ነው፤ ግምት ይበሉት።

«የሕዝብ ዕድገት» በመማሪያ መጽሐፍም በዜናም ሥር ሰዷል፤ ይህን መካድ አልችልም። «የሕዝብ ዕድገት ምጣኔ» የሚለውን ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ትቼላቸዋለሁ፤ ከእነሱ ጋር ተሟግቶ የረታ አላየሁም። ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።

ወደ ምድጃው ስንመጣ፣ ፈረንሳዮች በ1328 ለግብር ሲቆጠሩ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ «ፉ» ተመዘገበ፤ ቃል በቃል እሳት ማለት ነው። «ቤተሰብ» ቢሉት አይሳሳቱም፤ ነገር ግን ቤተሰብ ዝምድናን ያስቀድማል፣ ቆጣሪው የፈለገው ደግሞ በአንድ እሳት ዙሪያ የሚበላውን ነው። እኔ «ጢስ» እላለሁ። በቃሉ የማደሪያ ቤት መቁጠር እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ጢሰኛ» የወጣው ከዚሁ ነው፤ «ጭስ»፣ «ጭሰኛ» ያሰኘን አፋችን ነው እንጂ ግእዙ ጢስ ነው፤ ጢስ ዓባይም ይህንኑ ይዞ ቀርቷል። «ጢሰኛ»ን ግን ለፈረንሳዩ ገበሬ አይስጡት፤ ተማሪው በሰው መሬት የሚያርስ ሁሉ ይመስለዋል። «2.5 ሚሊዮን ያህል ጢስ ተቆጠረ» ብለው ይጻፉና፣ አንድ ጢስ ከአራት እስከ አምስት ሰው እንደሚገመት ከግርጌ ያስታውሱ።