ለገና ስትሄጂ የበረንዳሽ አበቦች ምን ይጠጣሉ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታኅሣሥ 27 ጎንደር ሄጄ ጥር 14 እመለሳለሁ። በረንዳዬ ላይ ጽጌረዳ፣ ጄራንየም፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ሬት አሉኝ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ፈርን አለች። በረንዳው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ቁልፍ የምሰጠው ሰው የለኝም። ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ እየገለበጥኩ አፈሩ ላይ ብሰካ ይበቃል?»

ልጄ፣ አይበቃም። አፈሩ ልል ከሆነ የሃይላንዱ ውሃ በአንድ ሌሊት ወርዶ ከሥር ይፈሳል። ከተጠቀጠቀ ደግሞ የሃይላንዱ አፍ በጭቃ ይደፈንና ስትመለሺ ውሃውን እንዳለ ታገኚዋለሽ። ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ ጥሩ ነው። 17 ቀን ግን ሌላ ነገር ነው።

ውሃ ከማሰብሽ በፊት ጥማታቸውን ቀንሺ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በታኅሣሥና በጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ፎቅ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያርፍም። ዕቃዎቹን ከበረንዳው ጠርዝ አንሺና ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ሥር አጠጋግተሽ ሰብስቢያቸው። አፈሩን ሁለት ጣት ያህል በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ሸፍኚው። ያበበውንና እንቡጡን ቁረጪ፤ አበባ ውሃ ይጨርሳል። ከመሄድሽ በፊት ማዳበሪያ እንዳትሰጪ።

ሁሉንም በእኩል ዓይን አትያቸው። ሬቱን አንዴ አጠጥተሽ እርሺው። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ትልቅ ዕቃ ውስጥ ከሆኑ፣ ጠግበው ጠጥተው ጥላ ላይ ከተቀመጡ ብዙም አያሳስቡኝም። በሶብላው ላይ ግን አትድከሚ። ዕድሜው ያው አንድ ወቅት ነው። አጭደሽ ጥላ ላይ አድርቂው፣ ለሽሮ ይሆንሻል።

ለቀሩት እኔ የማምነው ከጎን ካለ የውሃ ዕቃ ወደ አፈሩ ውሃ የሚስብ ክር ነው። የፋኖስ ክር ካገኘሽ ግዢ። ካጣሽ አሮጌ ነጠላ ቅደጂና እርሳስ እስኪያክል ግመጂው። ጥጥ መሆን አለበት፤ የላስቲክ ሲባጎ አይሆንም። ክሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ በደንብ ይራስ፣ ደረቅ ክር ሥራ አይጀምርም። አንዱን ጫፍ ጠጠር አስረሽ የውሃው ዕቃ መሬት ድረስ አስምጪው። ሌላውን ጫፍ አራት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ቅበሪው። ተክሉን ቀድመሽ አጠጪ። መሃል ላይ የተንጠለጠለው ክር ነፋስ እንዳያደርቀው ፌስታል ጠቅልይበት።

ዋናው ጣጣ ከፍታው ላይ ነው። የውሃው ፊት ከአፈሩ ፊት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ይሁን። ለማስተካከል ብሎኬት ወይም ጡብ ከሥር አድርጊ። በጣም ከፍ ካደረግሽው ክሩ እንደ ጎማ ይሆንና ውሃውን በሁለት ቀን አራግፎት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ለዚሁ ብዬ ከጀሪካን ይልቅ ሰፊ ሳፋ እመርጣለሁ። ጠባብ ዕቃ ውስጥ ውሃው ቶሎ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ባለ ቁጥርም ክሩ የሚስበው ይቀንሳል። ሳፋ ውስጥ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ላዩን ክደኚው፣ እንዳይተንና ትንኝ እንዳይራባበት።

ስንት ሊትር? መገመት አያስፈልግም። ተክሉን ጥላው ቦታ ላይ አጠጪ፣ ትርፉ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በኩሽና ሚዛን መዝኚው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሚው። የጎደለው እያንዳንዱ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ጄራንየሟ በቀን 150 ግራም ከቀነሰች ለ17 ቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ትፈልጋለች። የዚህን እጥፍ ያዢ፤ ክሩ የመጨረሻዋን ጠብታ አይጨርስም።

ለጽጌረዳዋ፣ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ከሆነች፣ ሌላ ዘዴ አለ። ያልተሟሸ አዲስ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ግዢ። አፉ ብቻ እንዲቀር አድርገሽ አጠገቧ ቅበሪው። ሥር እንዳትቆርጪ ቀስ ብለሽ ቆፍሪ። ውሃ ሞልተሽ ክደኚው። ያልተሟሸ ሸክላ ውሃውን በገላው ያሳልፋል፣ አፈሩ ሲደርቅ ይስበዋል፣ ሲርስ ይተወዋል። የተሟሸ ከሆነ ቀዳዳው ስለተደፈነ አይሠራም። ማሰሮው ትንሽ ስለሆነ ለ17 ቀን ላይበቃ ይችላልና ክር ከሳፋው ወደ ማሰሮው አፍ ሳቢለት።

ከጀሪካን ውሃ በጠብታ እንዲያወርድ ስለሚገጠም የግሉኮስ ቱቦ የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ብታደርጊው እንኳ በቀን ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ ይወርዳል። ለትንሽ ዕቃ ብዙ ነው። ጀሪካኑ ሲጎድል ጠብታው ይቀንሳል፣ ቆሻሻ ከያዘው ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ቤት ውስጥ ሆነሽ እየተመለከትሽው እሺ፣ ጎንደር ሆነሽ ግን አይሆንም።

ፈርኗን አጠጪና ቀጥታ ፀሐይ የማይደርስበት ብርሃን ላይ አድርገሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ትልቅ ላስቲክ አልብሻት። የተነነው መልሶ ይወርድላታል። መታጠቢያ ቤት አስገቢያት የሚሉሽን አትስሚ፣ የብዙ ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ጨለማ ነው።

ይሄን ሁሉ ታኅሣሥ 26 ማታ እንዳትጀምሪው። ታኅሣሥ 20 ዘርጊው። የሳፋውን የውሃ ልክ በየጠዋቱ በእስክሪብቶ አስምሪ። ቶሎ ከወረደ ሳፋውን ዝቅ አድርጊ ወይም ክሩን አቅጥኚ። ካልነቃነቀ ክር ጨምሪ። ውሃ በፈረቃ ከሆነም ሳፋውን የምትሞይበት ቀን አለሽ።

ስትመለሺ አፈሩ ደርቆ ከዕቃው ግድግዳ የተላቀቀ ካለ ከላይ አታጠጪው፣ በጎን ይፈሳል። ውሃ የያዘ ባልዲ ውስጥ ከነዕቃው አስቀምጪውና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ጠብቂ። ጽጌረዳዋም ቅጠሏን አርግፋ ብትጠብቅሽ አትንቀያት። ግንዱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ጥላ ላይ አቆይተሽ እያጠጣሽ ጠብቂያት።