ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለውን ጊዜ ለመሻገር እርዳታ እንዴት ይጠየቃል? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው፦ በመኪና አደጋ የታፋ አጥንትሽ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጎልሻል። ቁስሉ ስላመረቀዘ ሦስተኛ ተቀጥሮልሻል። በዚህ መሃል መሥሪያ ቤትሽ አሰናብቶሻል፣ የኪራይ ውዝፍም አለብሽ። "ሰው ፊት ቆሜ ገንዘብ መጠየቅ ከበደኝ፣ ከየት ልጀምር?" ነው ያልሽው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሰባሰብ በተደጋጋሚ የምናስተባብር ሰዎች አለን፤ የሚሠራውንና የሚበላሸውን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ብዙ ሰው እርዳታ ሲጠይቅ "ለሕክምናዬ" ይላል። ኦፕራሲዮን ሲባል ሰው ስለሚደነግጥ ገንዘቡ ቶሎ ይሰበሰባል። በሽተኛው ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሁሉም "ተመስገን፣ ተሳካለት" ብሎ ይበተናል። ኪራይ የሚቆጠርበት፣ መድኃኒት በግማሽ የሚገዛበት ጊዜ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። አጥንቱ ላይ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አንቲባዮቲኩን ካቋረጠ፣ ምግብ ከጎደለበት፣ የታክሲ አጥቶ ቀጠሮ ከቀረ ቁስሉ ተመልሶ ይከፈታል፤ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። ስለዚህ አንቺ የምትጠይቂው እስክታገግሚ የምትቆዪበትን ገንዘብ ነው። ይህንኑ በግልጽ ተናገሪ፤ ኪራይና ምግብ መጠየቅ ከመድኃኒት ያነሰ ምክንያት እንዳይመስልሽ።

ከሰው በፊት ግን መብትሽን ጠይቂ። ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "መሥሪያ ቤትሽስ?" ብሎ ነው፤ መልስ ከሌለሽ እጁን ይሰበስባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። በዚህ ፈቃድ ላይ እያለሽ ከሆነ የተሰናበትሽው፣ ስንብቱ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሥራ ክርክር ችሎት ያየዋል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የሌላ ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውን ቀን ዛሬውኑ እዪ። አልጋ ላይ ሆኖ "ሲሻለኝ እከሳለሁ" ማለት ብዙ ሰው መብቱን ያጣበት መንገድ ነው፤ ለቅርብ ሰው ውክልና ሰጥተሽ ማስጀመር ትችያለሽ።

አደጋው የደረሰው በሥራ ላይ፣ ወይም ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄጂ ወይም ስትመለሺ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። ያ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለሆነ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ክፍያውም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። ከሥራ ውጭ ከሆነ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ቅጂ አውጥተሽ የባለመኪናውን የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለጎዳው ሰው የሚከፍለውን ኢንሹራንስ፣ ጠይቂ። እርግጥ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዛሬ ኪራይ አይደርስም። ቢሆንም "መሥሪያ ቤቱን ከስሻለሁ፣ የመድን ጥያቄም አስገብቻለሁ፣ እስኪወሰን መቆያ ቸገረኝ" የምትል ሴት ሰው በእምነት ይረዳታል።

ሆስፒታሉ ጋ ሁለት ጥያቄ አለሽ። አንደኛ፣ ሐኪምሽን "አጥንቱን የሚይዘው ብረት ከሆስፒታሉ ነው ወይስ እኔ ነኝ ከውጭ የምገዛው?" ብለሽ ጠይቂ። የብዙ ሰው ሒሳብ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ነፃ ነው ተብሎ ተዘጋጅቶ በዋዜማው የብረት ማዘዣ ይሰጠዋል። ከውጭ ከሆነ ከሁለት ሦስት አቅራቢ ማኅተም ያለው ፕሮፎርማ አውጪ። ሁለተኛ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካለሽ መታወቂያው መታደሱንና የሪፈር ወረቀትሽ መስመሩን ጠብቆ ከጤና ጣቢያ መጀመሩን አረጋግጪ፤ ሪፈሩ ከተዘለለ መድኑ አይሸፍንልሽም። ከሌለሽ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ምዝገባው መቼ እንደሚከፈትና መክፈል ለማይችሉ በተያዘው ድጋፍ ትታቀፊ እንደሆነ ጠይቂ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ስላለ ከመተኛትሽ በፊት አነጋግሪ። ከወጣሽ በኋላ ማነጋገሩ ብዙም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። "የቻላችሁትን" የሚል ልመና ትንሽ ገንዘብ ነው የሚያመጣው፤ ሰጪው የእሱ 500 ብር ምን እንደሚሞላ አያውቅምና። የሦስት ወር ወጪሽን ጻፊ። ትራንስፖርቱን ለብቻው ላሳይሽ፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ቁስል ማሳጠብና ማሸግ አንድ ቀን እየዘለለ ከሆነ በወር 15 ቀን ነው። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በወር 12 ቀን። የሐኪም ቀጠሮ 1 ቀን። በክራንች ሚኒባስ ላይ መውጣት ስለማይቻል ራይድ ግድ ነው፤ ለአንድ ጉዞ 200 ብር ብንይዝ 28 ቀን በደርሶ መልስ 56 ጉዞ፣ 11,200 ብር ይሆናል። ፊዚዮቴራፒውን ቁስሉ በሚታጠብበት ቀን፣ በዚያው ግቢ እንዲያደርጉልሽ ብትጠይቂ ግን 28ቱ ቀን 16 ይሆናል፤ 32 ጉዞ፣ 6,400 ብር። በሦስት ወር 14,400 ብር ከልመናው ላይ ቀነስሽ ማለት ነው። ቁስሉን ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያጥብልሽ ሐኪሙ ከጻፈልሽ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። መድኃኒቱንም ከመግዛትሽ በፊት የከተማ አስተዳደሩን መድኃኒት ቤት፣ ከነማ ፋርማሲን ጠይቂ።

ወረቀት በሚመለከት፦ ማኅተምና ቀን ያለው የሕክምና ማስረጃ፣ የቀጠሮ ካርድ፣ ፕሮፎርማ፣ የኪራይ ውል። እነዚህ ይበቃሉ። ስትለጥፊያቸው የካርድ ቁጥርሽን፣ ስልክሽንና የመታወቂያ ቁጥርሽን ሸፍኚ። የቁስልሽን ፎቶ አትለጥፊ፣ የልጆችሽንም። ቁስል ያየ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ ፎቶው ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ስትድኚም ይከተልሻል። ክራንች ይዘሽ የተቀመጥሽበት አንድ ተራ ፎቶ በቂ ነው።

ገንዘቡ የሚገባበት አካውንት አዲስ ይሁን። ደመወዝና ሌላ ነገር በሚዘዋወርበት አካውንት ከተሰበሰበ ነገ ሒሳብ ሲጠየቅ መለየት አይቻልም። ከተቻለ ካንቺና ከአንድ የታመነ ሰው ጋር በጣምራ ፊርማ ይከፈት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገቢ ሌላው ሰው ብቻውን እንዲያወጣ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ለባንኩ በጽሑፍ ስጪ። ቴሌብር ለትንንሹ መዋጮ ጥሩ ነው፣ ግን ጣሪያ ስላለው ቶሎ ቶሎ ወደ ባንክ አዛውሪው።

ከማን ትጀምሪ? በሶሻል ሚዲያ አትጀምሪ። መጀመሪያ ለቅርብ ሰዎችሽ ለአስር ያህሉ አንድ በአንድ ደውዪ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት መበተን "ሌላው ይሰጣል" ያሰኛል። ሲያነሱም ገንዘብ ብቻ አትጠይቂ፤ አንዱ ኪራዩን በቀጥታ ለአከራይሽ ይክፈል፣ መኪና ያለው ማክሰኞ ማክሰኞ ያመላልስሽ፣ ጎረቤት እንጀራ ትላክልሽ። አንድ ጊዜ 3,000 ብር መስጠት የሚከብደው ሰው በወር 1,000 እያለ ሦስት ወር መስጠት አይከብደውም። ከዚያ እድር ነው። ብዙ እድር ለቀብር ብቻ ቢመስልም መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የታመመ አባል የሚረዳበት አንቀጽ ያለው አለ፤ ለዳኛውና ለጸሐፊው በጽሑፍ አመልክቺ። እቁብ ውስጥ ካለሽ ዕጣው ሳይወጣ ቀድመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ የራስሽ ገንዘብ ስለሆነ ይህ ልመና አይደለም። ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ ጀመዓ፣ የቀድሞ ክፍል ጓደኞች ቀጥለው ይመጣሉ። በአደባባይ የምትለጥፊው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሚያስፈልግሽ አንድ አምስተኛው ያህል ሲሰበሰብ ነው፤ ባዶ ሣጥን ውስጥ ቀድሞ የሚጥል ጥቂት ነው። ጊዜውንም ምረጪ፦ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ይሁን፤ የበዓል ማግስትና ሰው የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍልበት መስከረም ይቅር።

የጽሑፉ መልክ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን በራስሽ ተኪው፦

"ሰላም ወገኖቼ። ባለፈው ኅዳር በመኪና አደጋ የቀኝ ታፋዬ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል። ቁስሉ ስላመረቀዘ ሦስተኛው ለመጋቢት ተቀጥሯል። የኦፕራሲዮኑን ወጪ የጤና መድኔ ይሸፍናል። የቸገረኝ ሥራ እስክጀምር ያለው ሦስት ወር ነው፦ ኪራይ 18,000፣ ትራንስፖርት 19,200፣ ቁስል ማሸጊያና መድኃኒት 9,000፣ ምግብ 15,000፤ ድምር 61,200 ብር። ከቤተሰብና ከእድር 13,200 አግኝቻለሁ፤ የቀረኝ 48,000 ነው። ማስረጃዎቹ ከታች አሉ። ገንዘቡን ከእኔ ጋር የሚቆጣጠረው ወንድሜ ነው፣ ስልኩ ይኸው። በየሁለት ሳምንቱ የገባውንና የወጣውን እገልጻለሁ፤ 48,000 ሲሞላ አካውንቱ እንደተዘጋ አሳውቃለሁ።"

ከዚህ በላይ አታርዝሚው። ለቅሶና ምርቃት መሃሉን ሲሞሉት ሰው ቁጥሩ ጋ ሳይደርስ ያልፋል።

ውጭ ዘመድ ካለሽ፦ በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎ ፈንድ ሚ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይከፍልም። ስለዚህ የሚከፍተው አሜሪካ ወይም ሌላ አገልግሎቱ ባለበት አገር የሚኖርና እዚያው የባንክ አካውንት ያለው ሰው ነው። ማን እንደሆነ፣ ካንቺ ጋር ያለውን ዝምድናና ገንዘቡ እንዴት እንደሚደርስሽ ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ሳይሟላ ክፍያ የሚታገድበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ መዋጮ ላይ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ሃያ ሰው አምስት አምስት ዶላር ቢሰጥ ከመቶው ወደ 9 ዶላር ይሄዳል፤ አንድ ሰው መቶውን ሰብስቦ ቢያስገባ 3 ዶላር ከ20 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚተዋወቁ ሰዎች በዜል (በአሜሪካ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) ለአንድ ሰው አዋጥተው በአንድ ላይ ቢልኩ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ግቡን በብር ጻፊው፤ በዶላር የተጻፈው ከወር በኋላ ልክ አይሆንም።

ከለጠፍሽ በኋላ አጭበርባሪ ይመጣል፤ ተዘጋጂ። ፎቶሽን ወስዶ የራሱን አካውንት ቁጥር የሚያስገባ አለ፤ በፎቶዎቹ ላይ የአካውንቱን ቁጥርና ቀኑን መሃል ላይ ጻፊበት። "በስህተት 20,000 ልኬልሻለሁ፣ 15,000ውን መልሺልኝ" ብሎ የሐሰት ኤስኤምኤስ የሚልክ አለ፤ መልእክቱን ሳይሆን የአካውንቱን ቀሪ ሒሳብ እዪ። "ገንዘቡ እንዲገባ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ" የሚለው ሌባ ነው። "ድርጅት ነን፣ መመዝገቢያ ክፈዪ" የሚሉም እንዲሁ። በመኪናና በድምፅ ማጉያ እየዞርን እንሰብስብልሽ ብለው ድርሻ የሚጠይቁትን አትቀበዪ። ሰጪው ለአንቺ የሰጠው እነሱ እጅ ይቀራል፣ ስምሽ ግን አብሮ ይነሳል።

በየሁለት ሳምንቱ ሦስት መስመር ጻፊ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። የመድኃኒት ቤት ደረሰኞችን በአንድ ፖስታ አስቀምጪ፤ ሙቀት የነካው የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ጽሑፉ ስለሚጠፋ በዕለቱ በስልክ አንሺው። የኦፕራሲዮኑ ቀን ከተገፋ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ካንቺ ይስሙ፤ ቀጠሮ የሚገፋው ብዙ ጊዜ በአልጋ ወይም በደም እጦት ስለሆነ ምክንያቱን መናገር አያሳፍርም። ከተረፈ ምን እንደምታደርጊበት ከመጀመሪያው ይጻፍ። ቃል ገብቶ ያልሰጠን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺው፣ ሁለተኛ አትደውዪ።

የመጠየቁ ክብደት ይገባኛል፤ እንደ አንቺ ደመወዝ እየበላች የኖረች ሴት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንድምሽ ወይም አንዲት ጓደኛሽ ይደውሉልሽ፤ አንቺ ለማመስገን ብቻ ስልኩን ያዢ። የሦስት ወሩን ሒሳብ ሠርተሽ፣ የስንብት ደብዳቤውን ቀን ጨምረሽ እዚህ ላኪው፤ ከመለጠፍሽ በፊት ድምሩን አብረን እናየዋለን።