ጥያቄና መልስ፦ ለቲዩብ አምፕሊፋየር ትንሽ ትራንስፎርመር ከየት ይገኛል?

ደሴ ውስጥ የድሮ ሬዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት። ዛሬ ለቲዩብ፣ ማለትም በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ድምፅ ለሚያጎላው አምፖል መሳይ መስታወት፣ ስለሚሆን ትራንስፎርመር ጠይቁኝ። ሳንጀምር አንድ ነገር፦ የቲዩብ 250 ቮልት ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ዲስቻርጅ ሳታደርጉ፣ ማለትም የተጠራቀመውን ሳታወጡ፣ እጅ አታስገቡ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ትራንስፎርመር የት ይገኛል?

መልስ፦ ለፓወር ነው ለስፒከር? ለየትኛው ቲዩብ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከኮምቦልቻ፦ ይቅርታ። ለስፒከር ነው። ከሞተ ሬዲዮ ኢሲኤል 82 የሚባል ቲዩብ አውጥቻለሁ። የስፒከሩ ትራንስፎርመር ግን ተቃጥሏል።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። አብሽር፣ መላ አለው። ይቺ ቲዩብ ወደ 5000 ኦም ጭነት ትፈልጋለች። ስፒከርህ 8 ኦም ከሆነ 5000ን ለ8 አካፍል፤ 625 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 25 ነው። 25 ለ 1 የተጠመጠመ ፈልግ ማለት ነው፤ በስፒከሩ በኩል 1 ዙር ሲሆን በቲዩቡ በኩል 25 ዙር ያለው።

ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የወረደ አሮጌ ጡሩንባ ቆራሌው ጋ አይጠፋም። ጀርባውን ፍታው። ብዙዎቹ ውስጥ የ100 ቮልት መስመር ትራንስፎርመር (ድምፅ በረጅም ሽቦ ለማድረስ የሚያገለግል) አለ። 2 ዋት የሚለውን ጫፍ እይ። ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለዋቱ ሲካፈል ኦሙን ይሰጣል፤ 100 በ100 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ስንት መጣ? 5000! የስፒከሩ ጫፍ ለ8 ኦም መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ሰው የማይሰማኝም እዚህ ላይ ነው። የዚህ ትራንስፎርመር የብረት ቅጠሎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተሰካክተው ነው የሚደረደሩት። በአንድ ቲዩብ ሲሠራ 35 ሚሊ አምፔር ገደማ ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) በጥቅሉ ውስጥ ያለማቋረጥ ያልፋል። ብረቱ በማግኔት ይሞላና ባሱ ይሞታል። ስለዚህ ቅጠሎቹን አውጣና ኢ ቅርፅ ያላቸውን ሁሉ በአንድ በኩል ደርድር። ቀጥ ያሉትን በሌላ በኩል አድርግ። በመሃል አንድ የደብተር ወረቀት አስገባና አጥብቀህ እሰረው። የምታያይዘው ከ2 ዋቱ ጫፍ ቢሆንም፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይሆንበት ትራንስፎርመሩ በጠቅላላ 10 ወይም 20 ዋት የሚችለውን ምረጥ።

የመጀመሪያዋ ቅጠል ናት አስቸጋሪዋ። ቫርኒሹ አጣብቆ ይይዛታል። እኔ አንዴ በቢላ ስፈለቅቅ አዳልጦኝ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ሽቦ በጠስኩት። የሁለት ቀን ሥራ ገደል ገባ። ቀስ በል።

ከሐይቅ፦ ለፓወሩስ ጋሼ? ሁለት ኢሲኤል 82 አለኝ፣ ስቴሪዮ ልሠራ ነው።

መልስ፦ ሁለት ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ፊት ለፊት አጋጥም። የመጀመሪያው 220ን ወደ 12 ያወርዳል፤ ሁለተኛው ተገልብጦ ከ12 ወደ 200 ገደማ ይመልሳል። ሬክቲፋየር (ኤሲን፣ ማለትም የመስመሩን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ዲሲ የሚቀይር) እና ካፓሲተር ሲጨመር ወደ 250 ዲሲ ታገኛለህ። የቲዩቦቹ ማሞቂያ እያንዳንዱ 6.3 ቮልት ነው። ሁለቱን በተከታታይ አያይዝና ከዚያው ከ12ቱ አብላቸው። የመጀመሪያው 4 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ጋራዥ ያለ አሮጌ የባትሪ ቻርጀር ውስጥ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው 3 አምፔር ይበቃዋል። ፊውዝ አትርሳ።

ከወልዲያ፦ የስታቢላይዘሩን ትራንስፎርመር ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። አንድ ጥቅል ብቻ ነው ያለው፤ መግቢያና መውጫው አልተለያየም። የመስመሩ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ቻሲህ (የአምፕሊፋየሩ ብረት አካል) ላይ ይወጣል።

ከባቲ፦ እኔ ግን አልገባኝም። የቻይና ትንሽ ቦርድ እያለ ይሄ ሁሉ መከራ ለምን?

ከወረኢሉ፦ ትዝታን በቲዩብ ሰምተህ ታውቃለህ? ማሲንቆው አጠገብህ ቁጭ ያለ ነው የሚመስልህ።

ከባቲ፦ ማሲንቆ ከተባለማ ባቲ ነው እንጂ ትዝታ ምን አላት።

ከውጫሌ፦ አምባሰልን ረሳችሁት እንዴ?

መልስ፦ ቅኝቱን ለአዝማሪ ተዉትና ወደ ሽቦው እንመለስ።

ከመርሳ፦ የማይክሮዌቭስ?

መልስ፦ 2000 ቮልት! ይገድላል። ቀጣይ።

ከወልዲያ፦ ስታቢላይዘሩ ትልቅ ከሆነስ ጋሼ?

መልስ፦ ትልቅም ትንሽም ያው ነው። መለስኩልህ እኮ!

ከደሴ፦ ሞተር ጠምጣሚዎች አዲስ ሊሠሩልን አይችሉም?

መልስ፦ የፓወሩን አሳምረው ይሠራሉ። የስፒከሩ ግን ቀጭኑና ወፍራሙ ሽቦ በየተራ እየተደራረበ ነው የሚጠመጠመው። አጠገቡ ቁጭ ብለህ ካላሳየኸው ድፍን አድርጎ ይጠመጥምልሃል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የጡሩንባውን አገኘሁ። 25 ለ 1 መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከቲዩቡ በሚያያዘው፣ በቀጭኑ ሽቦ በኩል 12 ቮልት ኤሲ ስጠው። በወፍራሙ በኩል በቴስተር ለካ። 0.48 ካነበበ እሱ ነው። አደራ፣ ገልብጠህ እንዳትሰጠው። ከተገለበጠ በወዲያኛው ጫፍ 300 ቮልት ነው የሚጠብቅህ።

ከኮምቦልቻ፦ 0.5 አለኝ!

መልስ፦ ይበቃል። ወረቀቷን አስገባ። ካፓሲተሩንም ዲስቻርጅ አድርግ።