«ሪፖርቱ ላይ ያለችው ልጅ እኔ አይደለሁም»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከአምና መስከረም ጀምሮ ግን ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ በምትባል ከተማ ሚስዮናዊ ሆኜ አገለግላለሁ። የላከችኝ እዚህ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ስምምነታችን ለሁለት ዓመት ነው። 17 ወር ሠርቻለሁ፣ 7 ወር ይቀረኛል። አሁን ለአንድ ወር እረፍት ቤተሰቦቼ ጋ መጥቻለሁ። ልመለስ 9 ቀን ቀርቶኛል። መመለስ ግን አልፈልግም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ስሄድ ልቤ ሞልቶ ነበር። እጃቸውን ጭነው ጸልየው ነው የሸኙኝ። ሰው ሰብስቤ የማስተምር፣ በየቤቱ የምጸልይ፣ ማታ ደክሞኝ ግን ደስ ብሎኝ የምተኛ ነበር የመሰለኝ። ስደርስ ያገኘሁት ሌላ ነው። ሦስት ሴቶች ሆነን አንድ ቤት ተከራይተናል። 12 ሰዓት ተነስተን እንጸልያለን። ከዚያ ውሃ በጄሪካን ማመላለስ፣ ልብስ በእጅ ማጠብ። ረፋድ ላይ የስዋሂሊ ትምህርት። ከሰዓት ሰፈር ውስጥ እየዞርን ሰው እንጠይቃለን። ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። ራት ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ነው፤ ጠጠር ያለ የበቆሎ ገንፎና ጎመን። ወባ ሁለት ጊዜ አጋድሞኛል። ስዋሂሊው እንደምንም ገባኝ ስል ደግሞ ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በሉኦ ሆኖ ቁጭ።

ቤታችን ለዱንጋ ቅርብ ነው። ዱንጋ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ወንዶቹ ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ኦሜና የምትባል ጣት የማታክል ዓሣ ያጠምዳሉ። ሴቶቹ ጠዋት መሬት ላይ መረብ ዘርግተው ፀሐይ ያሰጧታል፤ ልክ እናቴ በርበሬ እንደምታሰጣው። ከነሱ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ቋንቋ ስለማልችል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ኦሜናውን አገላብጥ፣ ጠጠሩን እለቅም ነበር። ለወራት የሠራሁት ይህን ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

አንድ ቀን ውሃው ዳር እንቦጭ አየሁ። ያው የኛው እንቦጭ፣ ከነሐምራዊ አበባው። እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ደንግጠው ምን ሆንሽ አሉኝ። በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ እኛም ጣና የሚባል ሐይቅ አለን፣ ይህ አረም ወርሮታል፣ ተማሪ ሳለሁ ውሃው ወገቤ እስኪደርስ ገብቼ ነቅያለሁ አልኳቸው። «በእጅ?» አሉኝ። «በእጅ። ብዙ ሺህ ሰው ሆነን» አልኩ። ሌሎቹን ሴቶች ጠርተው እንደገና አስወሩኝ። የነሱ ውሃ ነጭ ዓባይ፣ የኛ ጥቁር ዓባይ ሆኖ ካርቱም ላይ እንደሚገናኝም ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ኛራ» ይሉኛል። በሉኦ «ልጄ» ማለት ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሪፖርቱ ነው። በየወሩ ለቤተ ክርስቲያናችን ሪፖርት እልካለሁ። መጀመሪያ እውነቱን ጻፍኩ፤ «ቋንቋ እየተማርኩ ነው፣ ጸልዩልኝ» ብዬ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ሆነብኝ። አፈርኩ። አራተኛው ላይ ቅዳሜ የማስተምራቸውን 7 ልጆች 30 አደረግኳቸው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም። አሁን ስመጣ መድረክ ላይ አውጥተው አስመሰከሩኝ። እልልታው ቀለጠ። ስወርድ አንዲት እናት አቀፉኝ። ባላቸው ሞተዋል፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው የሚኖሩት። ለኔ በየወሩ 100 ብር ይሰጣሉ። «እኔ መሄድ ባልችል አንቺ ሄድሽልኝ» ብለው አለቀሱ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ዓይኔ አልተከደነም።

እናቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናት። ከመሄዴ በፊት በጾም የተነሳ ስንት ቀን ተኳርፈናል። አሁን ዐቢይ ጾም ላይ ናት። ሽሮዋን እኔ እሠራላትና እስከ 9 ሰዓት ጠብቄ አብረን እንበላለን። «ቅሪልኝ» ትለኛለች።

ልመለስ ወይስ ልቅር? ብመለስስ ምን ይዤ? 17 ወር ሙሉ ምንም ያልሠራሁ፣ ምንም ያልተለወጥኩ ሰው ነኝ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ከባሕር ዳር

*

የሐይቅ ዳሯ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከባዱን አስቀድሜ ልናገር። 7ቱን 30 ማለትሽ ውሸት ነው። ላለዝብልሽ አልችልም፣ ብሞክርም አንቺ አታምኝኝም። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው፤ ወባውንና ጄሪካኑንማ ችለሽዋል። ስለ ዱንጋ የጻፍሽውን እስቲ መልሰሽ አንብቢው። ቦታውን የጠላ ሰው የኦሜና ጠጠር ስለመልቀም እንዲህ አይጽፍም። የምትፈሪው ያችን የሌለችውን የሪፖርት ልጅ ሆኖ መኖርን ይመስለኛል።

ዘመቻ ስሄድ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። 1967 ዓ.ም. ነው፣ እድገት በኅብረት። ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተበተንን። እኔ ከዚህ ከጣና ዳር ተነስቼ ወላይታ ደረሰኝ። ሰው ላስተምር ነው የሄድኩት። ፊደል፣ ጤና፣ የመሬት አዋጁን። እዚያ ስደርስ እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ እንኳ አላውቅም። «ሳሮ» የምትለዋን ቃል ያስተማሩኝ ጓሮ እንሰት የሚፍቁ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የቀርከሃውን መፋቂያ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እግራቸውን ዘርግተው እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። ስፍቅ ውሃው ፊቴ ላይ ይረጫል፣ ክንዴ ይዝላል፣ እሳቸው ዝም ብለው ያዩኛል። ስንት ቀን እንደዚያ እንደዋልኩ አልቆጠርኩም። የፊደሉ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የመጡት ግን እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ስፍቅ ያዩኝ ሰዎች ማለት ነው። ሌላ ቀበሌ የተመደቡ ጓደኞቼ በስብሰባ ጠርተው በስብሰባ ሲበተኑ አይቻለሁ።

ስለዚህ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ጠጠር መልቀምሽን ከሥራ ካልቆጠርሽው፣ እኔ እቆጥርልሻለሁ። እንቦጭ ያየሽ ዕለት ያለቀስሽው እንባ ብቻውን «ኛራ» አላስባለሽም። ከዚያ በፊት ለወራት አጠገባቸው ስለተቀመጥሽ ነው ሴትየዋ «ምን ሆንሽ» ያሉሽ። ለማያውቁት ሰው እንባ ማን ይደነግጣል?

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመልስሽ። ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ታውቂዋለሽ። ያሠራው ፔድሮ ፓኤዝ እንደሆነ ይነገራል። ስፔናዊ ኢየሱሳዊ፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነው። በሃይማኖቱ ክርክር አልገባም፤ አንቺም እናትሽም በየራሳችሁ ታውቁበታላችሁ። እንድታዪው የምፈልገው የሰውየውን አካሄድ ነው። ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ 7 ዓመት ያህል ታሰረ። ተፈትቶም ሐሳቡን አልቀየረም፣ በ1603 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ገባ። ግእዝና አማርኛ ተማረ። በዚሁ አገር ኖሮ በ1622 እዚሁ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሞተ። ከሱ በኋላ በ1625 የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። እሱ ቸኮለ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ አለ። ንጉሡም አፄ ሱስንዮስ በአዋጅ ረዱት። አገር በደም ታጠበ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ያንን አዋጅ ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በአዋጅ የገባው ሁሉ በአዋጅ ወጣ። ጎርጎራ ሄደሽ የቤተ ክርስቲያናቸውን ፍርስራሽ ብታዪው ደስ ይለኛል፤ ከመሄድሽ በፊት ጊዜ ካገኘሽ።

ይህን የማወራሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንቺ ያደግሽው እንግዳ ሰባኪ መጥቶበት የሚያውቅ ሐይቅ ዳር ነው። ሰው ቁጥር ሲሆን ምን እንደሚመጣ ይህ ውሃ ዳር ያለ ሕዝብ ያውቃል። 30 ብለሽ ስትጽፊ የሌሉ 23 ልጆችን ብቻ አልጨመርሽም። ያሉትን 7ቱንም ጋረድሻቸው። በደብዳቤሽ ውስጥ የአንዳቸውም ነገር የለም። ማን ናቸው? የትኛው ቶሎ ይገባዋል? የትኛዋ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነው የምትመጣው? ይህን ብትጽፊ ኖሮ የላኩሽ ሰዎች ወደው ያነቡት ነበር።

«ምንም አልተለወጥኩም» ያልሽውን ደግሞ ራስሽ አፍርሰሽዋል። በጾም ጉዳይ ከእናትሽ ጋር ስትኳረፊ የነበርሽ ልጅ፣ ዛሬ ሽሮ ሠርተሽ 9 ሰዓት እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ። ይህን ማን አስተማረሽ? 17 ወር በሰው አገር፣ በሰው ማዕድ፣ የሰውን ሥርዓት እያየሽ የተቀመጥሽበት ነው ያስተማረሽ። እምነትሽን አልተውሽም፣ እናትሽንም አላስቀየምሽም። እኔ በ24 ዓመቴ ይህን አልችልም ነበር። ስንት ቤት በዚህ ነገር ልጅና እናት ሳይነጋገሩ እንደሚኖሩ በዚህ አምድ በሚደርሰኝ ደብዳቤ አያለሁ።

በቀሩሽ ቀናት ምን ታደርጊ? መጀመሪያ እንጀራ የሚሸጡት እናት ቤት ሂጂ። ከቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች በፊት። ብቻሽን ሂጂ፣ ጋገራ በማይበዛበት ሰዓት። ምጣዱ ካልወረደ አጠገባቸው ቁጭ በይና ጠብቂ፤ አንቺ እንደሆነ መጠበቁን ተምረሽዋል። ከዚያ በቀጥታ ንገሪያቸው፤ «ልጆቹ 7 ናቸው፣ 30 ብዬ ዋሸሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በይ። «ግን እኮ» ብለሽ አትጀምሪ። ምናልባት ይቆጣሉ። ሊቆጡ ይገባቸዋል፤ የ100 ብር ጉዳይ ነው፣ ለሳቸው 100 ብር ስንት ሰዓት ጭስ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። «ታዲያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ካሉሽ ስለ ኦሜናው ንገሪያቸው። ስለ እንቦጩም። ስለ «ኛራ»ም። ምጣድ ዳር የኖረች ሴት የመረብ ዳሯን ሴት ከኔም ከሽማግሌዎችም በላይ ይገባታል።

ቀጥሎ ለላኩሽ ሽማግሌዎች። እዚያ ሊከብድሽ ይችላል። መድረክ ላይ ያስመሰከሩሽ እነሱ ስለሆኑ እፍረቱ ለነሱም ይተርፋል። የሚያምኑትን አንድ ሰው አስቀድመሽ አነጋግሪና አብሮሽ ይግባ። ከዚህ በኋላ ሪፖርትሽ እንዴት እንዲሆን እንደምትፈልጊም ንገሪያቸው። በወር ስለ አንድ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል። በየወሩ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ እያወቀም ሳያውቅም ልጁን ለውሸት እየገፋ ነው፤ ይህን እነሱም ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል። ቅሪ ካሉሽ ቅሪ፣ ተዋርደሽ የቀረሽ አይምሰልሽ። ሂጂ ካሉሽ ግን የኔ ሐሳብ እንድትሄጂ ነው። 7 ወር ረጅም አይደለም። ቋንቋው ገና አሁን ነው የሚከፈትልሽ፤ ለኔም ወላይትኛው የተፈታልኝ ልመለስ ጥቂት ሲቀረኝ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት ጊዜ ወባ ይዞሽ እንዲሁ ማለፍ የለብሽም። ከመሄድሽ በፊት ተመርመሪ፣ አጎበርሽን አረጋግጪ፣ ትኩሳት ሲጀምርሽ አትጠብቂ። እዚያም አብረውሽ ከሚኖሩት ሁለት ልጆች ሌላ እውነቱን የምታወሪያት አንዲት ትልቅ ሴት ያስፈልግሻል። ያለች ይመስለኛል።

ለእናትሽ «ቅሪልኝ» ላለችሽ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ነገሩን ሁሉ ንገሪያት፣ ውሸቱንም ጭምር። ልጇ በሰው አገር ሁሉ ነገር እየተሳካላት የኖረች መስሏት ነው የምትናፍቀው። የምትቸገረውንም ልጇን ትወቃት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዘጌ ቡና ግዢ፣ ኪሎ ይበቃል፣ ጥሬውን። ጀበናና መቁያ ብረት ምጣድም ያዢ። ዱንጋ ስትደርሺ ሴቶቹ ኦሜናውን አስጥተው ጥላ በሚቀመጡበት ሰዓት እዚያው ቁዪላቸው። ጭሱን እንዲያሸቱት በእጅሽ ወደነሱ ግፊው፣ እናትሽ እንደምታደርገው። «ይህ ከኛ ሐይቅ ዳር ነው» በያቸው፣ ቃሉን አስቀድመሽ በሉኦ ተምረሽ። ትልቋ ሴት ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።