መጀመሪያ ነጠብጣቡን ሳሉ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ባዮሎጂ ተምራችሁ የዱር አራዊት ጥናት ላይ ለመሰማራት ለምታስቡ ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች አንዷ ግን ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ለአጭር ሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ነበር፤ ኬፕታውን አጠገብ ያለችው ሳይመንስ ታውን ውስጥ፣ ቦልደርስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ። ፔንግዊን ሲባል በረዶ ብቻ ለሚታያችሁ፣ አፍሪካም የራሷ ፔንግዊን አላት። ድምፁ ቁርጥ የአህያ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት እውነትም የሰፈር አህያ የሚያናፋ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዷን ወፍ ድንጋይ ሥር ብቻዋን ቆማ አየኋት። ላባዋ እንደ አሮጌ ትራስ ጥጥ እየተቦጨቀ ይወድቃል። ሌሎቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ እሷ ንቅንቅ አትልም። ደብተሬ ላይ «ታማለች» ብዬ ጻፍኩና ወደ ጥበቃው ሮጥኩ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ልብስ እየቀየረች ነው፤ ሦስት ሳምንት ቆይተህ ና» አሉኝ።

ብዙ ወፎች ላባቸውን ጥቂት በጥቂት ይቀይራሉ፤ ፔንግዊን ግን ሁሉንም ባንዴ። አዲሱ እስኪሞላ ድረስ ውሃ ቆዳዋ ድረስ ስለሚዘልቅ ባሕር መግባት አትችልም። 20 ቀን ገደማ እህል ውሃ ሳትል የብስ ላይ ትቆማለች፤ ክብደቷም ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ጾም አስቀድማ ሳርዲንና አንቾቪ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች እየበላች ትሰባለች። ሳትሰባ የገባችበት ላትወጣው ትችላለች። የሳርዲን ማነስ ለምን እንደሚፈጃቸው እዚህ ላይ ይገባችኋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ዝርያው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። የሰው በደል ደግሞ በዓሣ አያበቃም፦ ጎጆ ይቆፍሩበት የነበረውን የዘመናት የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ጠርገን ወስደንባቸው፣ ዛሬ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚታቀፉት ፀሐይ ላይ ነው።

እናንተ ሜዳ ስትወጡ ዓይናችሁ ያየውን ጻፉ። የመሰላችሁን ከገጹ ግርጌ፣ ያውም በእርሳስ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለስኩ። ድንጋዩ ሥር ማንም የለም። ዙሪያውን ቅባት የተቀቡ የሚመስሉ ፔንግዊኖች ሞልተዋል።

«የደረቷ ነጠብጣብ እንዴት ነበር?» አሉኝ ሽማግሌው። ደረታቸው ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ ላባ ቢቀየርም እነሱ አይቀየሩም።

ደብተሬን ገለጥኩ። «ታማለች» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።