ለመዋጮው እጅ ከማውጣትሽ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። አምና በቀበሌ ስብሰባ ተመርጬ የጤና ጣቢያችን ሥራ አመራር ቦርድ አባል ሆኛለሁ። ሕዝብ ወክዬ ማለት ነው። በየሦስት ወሩ እንሰበሰባለን። ሪፖርት ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ይዞራል፣ እንፈርማለን፣ ሻይ ጠጥተን እንበተናለን። አሁን ኃላፊው «በጀት የለም፣ መድኃኒት መግዛት አቃተን» ብለው ከየቤቱ 200 ብር ይሰብሰብ አሉ። ቅሬ፣ ማለት እድራችን፣ ላይ ቀርቤ ሰዉን እንዳሳምን የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰዉ የጤና መድን ደብተሩን እያሳየኝ «ከፍለናል፤ ስንሄድ ግን ከውጭ ግዙ ይሉናል። ገንዘባችን የት ገባ?» ይለኛል። ኃላፊው ሌባ ናቸው አልልም። ደግ ሰው ናቸው፣ ሌሊት ለምጥ ሲጠሩ ሲሮጡ አይቻለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ስለ ሒሳብ ሲያወሩ አፌ ይያዛል። መጠየቅ እችላለሁ ወይ? ምን ብዬስ ልጠይቅ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ትችያለሽ። የተመረጥሽውም ለዚሁ ነው።

ለመዋጮው ግን እጅሽን ገና አታውጪ። እንቢም አትበይ። «መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው» በይ።

ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ወሎ ውስጥ በነርስነትና በጤና ጣቢያ ኃላፊነት ነው። ያኔ ቦርዳችን ውስጥ አንድ የቅሬ ዳኛ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ሪፖርቴን አንብቤ ስጨርስ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ልጄ፣ ስንት ሰው ታከመ ነው ያልሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ስንቱ መድኃኒቱን ይዞ ወጣ?» አሉ። ሪፖርቱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለዚያ ቁጥር ስብሰባ ገብቼ አላውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆጣ ተወካይ ኃላፊን ብዙም አያስጨንቅም፣ ተቆጥቶ ይበርድለታል። እንደ እሳቸው ቀስ ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚያስጨንቀው።

እንግዲህ ኃላፊው «በጀት የለም» ሲሉ የትኛው በጀት እንደሆነ ጠይቂያቸው። ጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚያገኘው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከወረዳው የሚመጣው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ለነዳጅ፣ ለወረቀት፣ ለጽዳት ከበቃ ጥሩ ነው። በዚህ በኩል ኃላፊው እውነታቸውን ነው። ወሎ ላይ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት አለ፤ ማይክሮስኮፕና አልጋ ሳይቀር የተዘረፈባቸው ጤና ጣቢያዎች ከዜሮ ነው የጀመሩት።

ሁለተኛው የውስጥ ገቢ ነው። ድሮ ታካሚው የሚከፍለው ብር ተጠርቅሞ ወደ ፋይናንስ ይሄድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ቀየረው። ጤና ተቋም የሰበሰበውን እዚያው ይዞ አገልግሎቱን ያሻሽልበት ተባለ። ገንዘቡ በመንግሥት በጀት ላይ የሚጨመር ነው። «ገቢ ስላላችሁ በጀታችሁን እንቀንስ» ለማለት አይደለም። አንቺ የተቀመጥሽበት ቦርድም የመጣው ከዚሁ ለውጥ ጋር ነው። የውስጥ ገቢው ዕቅድ መጀመሪያ በቦርዱ ይጸድቃል። በሌላ አነጋገር ሻይ እየጠጣሽ የምትፈርሚው እሱን ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ጤና መድኑ ላይ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አገር ውስጥ ሲጀመር ለሙከራ የተመረጡት 13 ወረዳዎች ነበሩ። አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነው። ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ የወሎ ገበሬ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። ቅሬ ያለው ሰው መድን ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አይገባም፣ ቀድሞውንም ሲሠራበት ኖሯል። ልዩነቱ የቅሬው ገንዘብ ያዥ ጎረቤቱ ነው። የመድኑ ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ወረዳ ላይ ነው የሚቀመጠው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባሉ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ይታከማል፣ መድኃኒቱን ወስዶ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ጤና ጣቢያው ምንም ብር አላገኘም፣ በዱቤ ነው የሰጠው። በየጊዜው የዱቤውን ዝርዝር አዘጋጅቶ ለወረዳው መድን ያቀርባል። ወረዳው መርምሮ ይከፍላል። ክፍያው በጊዜ ከመጣ ጤና ጣቢያው ብሩን ይዞ ደሴ ይሄዳል፣ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ገዝቶ መደርደሪያውን ይሞላል። ክፍያው ከዘገየ የመድኃኒት መግዣው ብር ወረቀት ላይ ይቀራል። ሒሳብ ሠራተኞች «ተሰብሳቢ» ይሉታል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አባሉ ከግል ፋርማሲ ይገዛል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን አያሳድስም። አባል ሲቀንስ የወረዳው ካዝና ይሳሳል፣ ክፍያውም ይብሱን ይዘገያል።

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋው ሌላ ሆኗል። የአባልነት መዋጮው ግን የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው፤ በመሃል ዋጋ ቢንር ተከትሎ አይጨምርም።

ስለዚህ ከየቤቱ 200 ብር ሰብስባችሁ መድኃኒት ብትገዙ ምን የሚሆን ይመስልሻል? መድኃኒቱ በዱቤ ይወጣል፣ ብሩ ያው ተሰብሳቢ ይሆናል። ቀዳዳው ሳይደፈን እንስራ መሙላት ነው። ደሀውንም አስቢው። መንግሥት የመድን መዋጮውን የሚከፍልለት፣ ደሀ ተብሎ የተመዘገበው ቤተሰብ፣ አሁን ቅሬ ላይ ስሙ ተጠርቶ 200 ብር አምጣ ሊባል ነው።

መዋጮ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ለእናቶች ማቆያ ጤፍ፣ እንጨት፣ ቅቤ ሲዋጣ ኖሯል፤ ደስም ይላል። ሰጪዋ ያመጣችው ጤፍ ገንፎ ሆኖ ወላዷ ስትበላው በዓይኗ ታያለች። ለምጥና ለአምቡላንስ ነዳጅ ከባል ኪስ ሲጠየቅ ግን ዝም አትበይ። በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው። ክትባት፣ ቲቢና የቤተሰብ ዕቅድም እንደዚያው።

አሁን ወደምትሠሪው እንምጣ። ከስብሰባው በፊት መድኃኒት ክፍሉ ግቢና ቢን ካርዱን አሳዩኝ በይ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጋር የሚቀመጥ ካርድ ነው። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች አሉት። የአሞክሲሲሊን ሽሮፑንና የደም ግፊቱን ኪኒን ካርድ ያዢ፣ «ቀሪ» በሚለው ዓምድ ላይ ጣትሽን ወደ ታች አውርጂ። ዜሮ የተጻፈበት ቀን ላይ ቁሚ። ቀጥሎ የገባበትን ቀን እዪ። በመሃል ያለው ጊዜ ጎረቤቶችሽ ከውጭ የገዙበት ነው። ከዚያ «ዜሮ ከመድረሱ በፊት ጠይቃችሁ ነበር ወይ?» በይ። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካል፤ ቅጂው ፋይል ውስጥ አለ። ጠይቀው ደሴ ላይ ከጠፋ ችግሩ የአቅርቦት ነው፣ በመዋጮ አይፈታም። ብር አጥተው ሳይጠይቁ ከቀሩ፣ መድኑ ስንት ዕዳ እንዳለበትና ከስንት ወር በፊት የነበረው እንዳልተከፈለ በቁጥር ይንገሩሽ። ብሩ እያለ ካልጠየቁ ደግሞ… ያኔ ደግነታቸው አይበቃም።

የመድን ዕዳ ከሆነ ኃላፊው ባላጋራሽ አይደሉም፣ አብራችሁ ናችሁ። እሳቸው ለወረዳው ደጋግመው ጽፈው ይሆናል። ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። የሕዝብ ተወካይ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይተኛም። የወረዳው መድን ከየቀበሌው የተወከሉ አባላት ያሉበት ጠቅላላ ጉባኤ አለው። ከቀበሌሽ ማን እንደሚገባ እወቂና ቁጥሩን ለእሱ ስጪው። ጥያቄሽም ቃለ ጉባኤው ላይ በደንብ ይጻፍ። ተነቦልሽ ካልሰማሽ አትፈርሚ።

ቅሬ ላይ ደግሞ ሳታሳምኚም ሳታሳጪም እንዲህ በይ፦ «የመድን አባል ሆናችሁ ከውጭ የገዛችሁ፣ የሐኪም ማዘዣውንና ደረሰኙን አምጡልኝ።» ስም አያስፈልግሽም፤ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ ቀኑና ዋጋው ይበቃል። አንድ ፌስታል ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ ክርክር ያሳጥራል።

ማኅበረሰቡ በየሩብ ዓመቱ ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት አሠራር እናንተ ጋ ካለ ተጠቀሙበት። አክብሮት፣ የወረፋ ጊዜ፣ መድኃኒትና ምርመራ፣ ውሃና መብራት፣ አምቡላንስ፣ ጽዳት ይመዘናሉ። ግን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አይሁን። የምትወጋን ነርስ ቆማ እያየችን ማን ዝቅተኛ ይሰጣል? እኛ ወሎዬዎች ይሉኝታችን ብዙ ነው። ቡና ላይ፣ ሴቶቹ ብቻ ሲሆኑ ጠይቂያቸው። በረካው ሳይደርስ ሁሉንም ትሰሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ደህና ነኝ። ክሊኒኩ ውስጥ የምታማክረን፣ እሷም እንደ እኛ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ነበረች። ብንቀር ደውላ ትፈልገን ነበር። ፕሮጀክቱ ተዘጋ ተብላ ወጣች። መድኃኒቱም ይቆማል እየተባለ ነው። ጓደኛዬ ፍርሃት ገብቶት በሁለት ቀን አንዴ እየዋጠ ያጠራቅማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለጓደኛህ ዛሬውኑ ደውልለትና በየቀኑ ይዋጥ በለው። እየዘለሉ ማጠራቀም ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያጠራቀመው ኪኒን ላይጠቅመው ይችላል።

የሰማኸው ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ጥር 2017 ላይ የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አዝዞ ነበር። የሠራተኛው ደሞዝና የመድኃኒቱ መግዣ ግን ከአንድ ኪስ አይወጡም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ በብዛት የሚገዛው ግሎባል ፈንድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በሚመጣ ገንዘብ ነው። አማካሪህ ወጣች ማለት ኪኒኑ ቆመ ማለት አይደለም።

እሷ መቅረቷ ግን ያንገበግበኛል። በሪፖርት ላይ ስትታይ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ሆኖም ሐኪሙ የማያውቀውን፣ የትኛዋ ከባሏ ደብቃ እንደምትውጥና ማን የታክሲ እንዳጣ፣ የምታውቀው እሷ ነበረች። ክሊኒኩ የቀረውን ሰው አሁን ማን እንደሚፈልግ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። በቀጠሮ ቀን የምትገናኙ ሦስት አራት ሆናችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። ስልክ መደወያ ካርድና አንድ ወንበር ብዙ በጀት አይጠይቅም።

ለራስህ ደግሞ የቫይረስ መጠንህ ዝቅ ያለ ከሆነ የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ የተፈቀደ አሠራር ነው። ኪኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሂድ። ቀጠሮህ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከዋለብህም ቀድመህ አስቀይረው።