ማሰራጫ ሳይኖረን የስካውት ሬዲዮ ሰርተፍኬት እናገኛለን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት የስካውት ክበብ ኃላፊ ነኝ። የስካውት ምሥረታ በዓል ሲከበር አማተር የሬዲዮ ጣቢያዎች (ሬዲዮን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ጣቢያዎች) ልዩ መለያ (የጥሪ ስም) ይዘው አየር ላይ ይወጣሉ፣ ከነሱ ጋር ለተገናኘም ሰርተፍኬት ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። እኛ ያለን አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ብቻ ነው። ማሰራጫም ፈቃድም የለንም፣ ልጆቹ ግን በጣም ጓጉተዋል። ተስፋ ልስጣቸው ወይስ ይቅርብኝ?
የስካውት መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ መምህር፣ ተስፋ ይስጧቸው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይሞከርም፤ እሱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በር የሚያስኬድ ጉዳይ ነው። ማዳመጥ ግን ሌላ ነው፣ ከነዚህ ሰርተፍኬቶች ብዙዎቹ ደግሞ ለአድማጭም ክፍት ናቸው።

የስካውት ዕድሜ የሚቆጠረው ቤደን ፓወል በፈረንጆቹ ነሐሴ 1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ልጆች ሰብስቦ ካሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በ2007 መቶ ዓመት ሲሞላው በየአገሩ ያሉ ስካውት አማተሮች ለበዓሉ ልዩ መለያ አውጥተው ነበር። የዚያ ዓመቱ የዓለም ጃምቦሪ (ትልቁ የስካውቶች ስብሰባ) ደግሞ የተካሄደው ማርኮኒ የሬዲዮ ፋብሪካውን በከፈተባት በቼምስፎርድ ነው። ለሬዲዮ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል!

ደንቡ እንደ አዘጋጁ ይለያያል። ባብዛኛው ግን ከስካውት ጣቢያ ጋር የተደረገ እያንዳንዱ ግንኙነት ነጥብ አለው፣ የበዓሉ ልዩ ጣቢያ ከሌላው በለጥ ያለ ያስቆጥራል፣ ነጥቡን የሞላ ሰው መዝገቡን ይልካል። አድማጭ ከሆናችሁ የሰማችሁትን ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ያ ጣቢያ ሲያወራው የነበረውን ጣቢያ መለያም መጻፍ አለባችሁ። አለዚያ መስማታችሁ በምን ይታወቃል?

ዋናው ራስ ምታት ሰዓት ነው። መዝገቡ የሚሞላው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን አይተው ስለሚጽፉ መዝገቡ በሙሉ ይበላሻል። ቀላል ዘዴ አለው። ቀን ከሆነ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ይደምሩ፣ ማታና ሌሊት ከሆነ 15። ከቀኑ 8፡20 የሰማችሁት 11፡20 ተብሎ ይጻፋል፣ ከምሽቱ 2፡10 ደግሞ 17፡10። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 24 ይሞላል፣ የዩቲሲ ቀን የሚለወጠውም ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከድምሩ 24 ይቀንሱ። 12 ሰዓት ላይ ብቻ ይጠንቀቁ፦ ጠዋት 12 ሰዓት 3 ነው፣ ማታ 12 ሰዓት 15 ነው። ይህን በትልቁ ጽፈው ሬዲዮው አጠገብ ይለጥፉት።

ሌላው የጥራት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚለይ ከ5፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚጎላ ከ9 የሚሰጥ ነጥብ ነው። አማተሩ ሁሉ ለይሉኝታ 59 ይላል። ልጆቹ ግን የሰሙትን ይጻፉ፤ 43 ከሆነ 43 ነው፣ ምንም ነውር የለውም።

የት እንፈልግ ካሉኝ፣ የስካውቶቹ የታወቀ መገናኛ 14.290 ሜጋኸርዝ ነው። የአየር ላይ ጃምቦሪ የሚሉት ዝግጅታቸው በፈረንጆቹ ግንቦት 1958 ተጀምሮ ዛሬ በየዓመቱ በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል፤ በእኛ ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ መሆኑ ነው። ለልምምድ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ታዲያ በ14 ሜጋኸርዝ ጣልያንን እየሰሙ አዲስ አበባን ቢያጡ ሬዲዮውን አይውቀሱ። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚመለሰው ሩቅ ቦታ ስለሆነ ቅርቡን ዘሎ ያልፋል። 5 ኪሎ የሚገኘውን የአማተሮች ጣቢያ፣ መለያው ኢቲ3ኤኤ (ET3AA) የሆነውን፣ ለመስማት ቀን ላይ 7 ሜጋኸርዝ ቢሞክሩ ይሻላል።

ሪፖርት ሲልኩ ጅማ በአማተሮች የካርታ ኮድ ኬጄ87 (KJ87) መሆኗንም ይጥቀሱ። ከጅማ ሪፖርት ደርሶት የማይደሰት አማተር ያለ አይመስለኝም። ኪውኤስኤል ካርድ (ጣቢያው መስማታችሁን አረጋግጦ የሚልከው ካርድ) በፖስታ እንዲመጣ ከፈለጉ የትምህርት ቤቱን ፖስታ ሳጥን ቁጥር ይስጡ። እኔን ከጠየቁኝ ከሰርተፍኬቱ ይልቅ ኪውኤስኤል ካርዱን እመርጣለሁ፣ ልጆቹ በእጃቸው ይዘው የሚያሳዩት እሱን ነው። ጠቀም ያለ ብር ክፈሉ የሚል ከመጣ ይለፉት፤ በኢሜይል በነፃ የሚልኩ ሞልተዋል። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ስካውት 120 ዓመት ይሞላዋል፣ እስከዚያ ልጆቹ መዝገብ አያያዙን ይልመዱት።

ጥያቄ፦ የኔ ሬዲዮ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ሲደርስ የሰው ድምፅ ሳይሆን የዳክዬ ጩኸት ነው የሚያሰማኝ። ተበላሽቷል?
ተማሪ፣ ከኮቺ

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። አማተሮች የሚያወሩት ኤስኤስቢ በሚባል ዘዴ ነው፣ ተራ ሬዲዮ ደግሞ አይፈታውም። ኤስኤስቢ የሚል ቁልፍ ያለው ያስፈልግሻል። ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ ዩኤስቢ ላይ አድርጊው (ፍላሹ አይደለም!)፣ ከዚያ በታች ኤልኤስቢ ላይ። ልትገዢ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ፤ ቁልፉን ራሱን ሬዲዮው ላይ እይው።